ቁጥር የሌለው ገጽ

ደብረ ማርቆስ፤ በገና ሰሞን

ውድ ልጄ ዓለምነው፤

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም። መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጠየቅ እንደማልወድ ታውቃለህ። እኛም ደህና ነን አልልህም፤ አለን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፣ እኔም አንድ ጆሮዬ ከብዷል፣ ቤቱ እንዳለ ነው። ያንተ ክፍል እንደተዘጋ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ይህን ደብዳቤ በምን አድራሻ እንደምልከው አላውቅም። ወደ ደጀን ለሚወርድ ሹፌር ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ግን ለማን ስጥልኝ እለዋለሁ? ጓደኛህ ሃኒ «አባባ፣ ዝም ብለው ይጻፉት፤ ጠረጴዛው ላይ ለምንሰበሰበው አነብላቸዋለሁ» አለችኝ። ታንብብላቸው። የምጽፈው ግን ላንተ ነው።

የምጽፍልህ ስለ ገና ስጦታህ ነው።

ኅዳር ሊወጣ ሲል ሃኒና ደመላሽ ቤት መጡ። ሃኒ ከመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ ደመላሽ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ። ጓደኞችህ ሲገቡ ቤቱን ያናውጡት ነበር፤ ያን ቀን ግን ጫማቸውን እንኳ የጠረጉት ቀስ ብለው ነው። ደመላሽ እንደ ልማዱ ወደ ጠረጴዛው ሊሄድ ጀመረና ወንበርህን ሲያይ ዞር አለ፤ ግድግዳው ሥር ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

የተናገረችው ሃኒ ናት። በየዓመቱ ለገና የዳይስ ጨዋታችሁ ተጫዋቾች አዋጥተው ለጨዋታው መሪ፣ ላንተ፣ ስጦታ ይሰጣሉ፤ አምና መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበትን ፋኖስ የሰጡህ እነሱ ናቸው። ዘንድሮ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ኖሯል። ስጦታ ቢገዙ የእናትህን ቁስል የሚነካኩ መሰላቸው፤ ቢተዉት ደግሞ በገዛ እጃቸው የቀበሩህ መሰላቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩን» አለች። «ስጦታ እንግዛ ወይስ ጥቁር እንልበስ?»

እናትህ ጓዳ ምስር ታንገዋልል ነበር። የሰፌዱ ድምፅ ቆመ።

«የገና ስጦታ የሚሰጠው በሕይወት ላለ ሰው ነው» አልኳቸው። «ስለዚህ ይሰጣል። መራጩም እኔ ነኝ።»

ደመላሽ ፈራ ተባ እያለ «ጋሼ፣ የጨዋታ መሪ ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ?» አለኝ።

«አሁን አላውቅም። ገና እስኪደርስ አውቃለሁ» አልኩት።

ማንም አስተምሮኝ የያዝኩት ነገር የለም። ፊደሉን ከዳዊት ላይ ብቻዬን ለቀምኩት። አናጺነቱን ሰው ቤት በር ላይ ቆሜ፣ እየተባረርኩ፣ የሌላውን እጅ እያየሁ ወሰድኩት። ይህም አይከብደኝም ብዬ ነው። በኋላ ሰፌዱ እንደገና ጀመረ፤ ግን የምስሩ ድምፅ አልተሰማኝም። ባዶውን ነው ያወዛወዘችው።

ደብዳቤው ለሌላም ሰው የሚነበብ ከሆነ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አምና ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ለሥራ ማስረጃህን ልታስጨርስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርክ። ደጀን ደርሰህ ደወልክ። ነፋሱ ከባድ እንደሆነ፣ አውቶቡሱ እንደሞላ ነገርኸኝ። «አባዬ፣ በረሃውን ስንሻገር እደውላለሁ» አልክ። አልደወልክም። የዓባይ ቁልቁለት ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙት። እነማን እንደሆኑ የሚያወራው ሁሉ የየራሱን ያወራል፤ እኔ ያላየሁትን አልመሰክርም። ከተሳፋሪው ገሚሱ በእግሩ ደጀን ተመለሰ። አንተ አልተመለስክም።

አጠገብህ የተቀመጠች ሴት የአማኑኤል ከተማ ሰው መሆኗን ሰምቼ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። መነጽርህን አውልቀህ ኪስህ ከተትክ አለችኝ። አንዲት አራስ ከነልጇ ስትወርድ ክንዷን ደገፍክላት። ከዚያ ወንዶቹን ለብቻ አቆሟቸው። ሌላ አላየችም። እንደገና ጠየቅኳት፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ ያንኑ ደገመችልኝ። ምናለ በጨመረችልኝ ብዬ ነበር ስመለስ።

ስልክህ አይጠራም። ያልገባንበት ቢሮ የለም። ይህን ያህል አምጡና ልጃችሁን ውሰዱ ያለንም የለም። የሌላው ሰው መከራ የነበረው እንዲህ ያለው ስልክ እኔ ቤት እንዲደወል ስጠብቅ ከረምኩ።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ። ሥራነሽ ከክረምቱ ጀምሮ አንድ ነገር ትለምነኛለች፤ ልታለቅስ ትፈልጋለች። ለብቻዋ ማልቀሱን አልከለከልኳትም፤ ያንን በየቀኑ ታደርገዋለች። የፈለገችው በሰው ፊት ነው። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ዘመድ ከይጁቤ መጥቶ፣ ኮትህ ከሳጥን ወጥቶ፣ ስምህ እየተጠራ። ልጇ የሞተባት ሴት በአገራችን የሚደረግላት ይደረግልኝ ነው የምትለው። ጥቁር ነጠላ ገዝታ ከሳጥኗ ሥር አስቀምጣለች። አይቻለሁ፤ እንዳላየ ሆኜ ከደንኩት።

በእኛ ዘንድ ያለ መርዶ ለቅሶ የለም። ዘመድ ማልዶ ይመጣል፣ በር ይመታል፣ ይናገራል፤ ከዚያ ይለቀሳል። የእኛን በር የመታ የለም።

«መርዶ ነጋሪ መጣ ወይ?» እላታለሁ።

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ማን ሞተ?»

አንድ ቀን፣ እንጨት ስልግ፣ መላጊያውን በእጇ ይዛ አቆመችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ማን ሞተ እያልክ አትመርምረኝ። እኔ ልጄ የት አለ ነው የምልህ። ወይ አምጣልኝ፣ ወይ ልቅበረው።»

መላጊያውን ከእጇ ተቀብዬ መላጌን ቀጠልኩ። ሐሳቤን አልለወጥኩም።

የነፍስ አባታችን አባ ገዳሙም መጡ። ስለ ጤፉ አወሩ፣ ስለ ውርጩ አወሩ፤ ከዚያ ፍትሐት ቢደረግልህ ላንተም ለእናትህም ዕረፍት እንደሚሆን ነገሩኝ። «አያ ታረቀኝ፣ ልጅዎ በሕይወት ካለ ጸሎቱ አይጎዳውም» አሉ። ለቆመ ሰው የሙት ጸሎት አላስደርግም አልኳቸው። እንዲያውም የገና ስጦታ እየመረጥኩለት ነው አልኳቸው። ለምን ጉዳይ የሚሆን ስጦታ ብለው ጠየቁ። ለዳይስ ጨዋታው መሪነት ስላቸው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ድሮ ይህ ነገር ጥንቆላ እንዳይሆን ብለው የሰጉት እሳቸው ናቸው። መርምሬ፣ ጥንቆላ አይደለም ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ በኩል የሚሉኝ አልነበራቸውም። ሲወጡ በሩ ላይ «ሴትዮዋን ግን ያስቧት» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ስጦታ ፍለጋ ወጣሁ። አዲስ የተከፈተ የስጦታ ዕቃ መሸጫ አለ፤ ግድግዳው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነው። ልጅቱ ትሑት ናት። ለማን ነው አለችኝ፤ ለልጄ አልኳት። በባትሪ የምትሄድ መኪና አወረደች። ዕድሜውን ስትጠይቀኝ ሠላሳ አንድ አልኳት፤ መኪናዋን መልሳ ሰቀለች። ምን ይወዳል አለች። ጨዋታ ስላት መኪናዋን እንደገና አወረደች። አልተቆጣሁም። እዚህ ብትኖር ይህን ለጓደኞችህ እየነገርክ ትስቅብኝ ነበር።

ጋቢ አሰብኩ። ያለህበት ብርድ ይሁን ሙቀት አላውቅም። ሙክት አሰብኩ፤ ሙክት ለተሰበሰበ ቤት ነው። ሃኒ በስልኳ በሌላ አገር ለጨዋታ መሪ የሚሰጠውን አሳየችኝ፤ ካርታ መጠቅለያ፣ ትንንሽ ምስሎች፣ ደግሞ መሪው ተጫዋቾቹ እንዲያዩ የማይፈልገውን የሚጋርድበት ታጣፊ ሰሌዳ። ሰሌዳውን ከዋንዛ ልሠራልህ ለክቼ ጨርሼ ነበር። መጋዙን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚህ በላይ ምን ይጋረድልህ?

በመጨረሻ ሃኒን ጠረጴዛው ላይ የጎደለው ምንድን ነው አልኳት።

«ዳይሱ ነዋ፣ አባባ» አለች። «ባለ አሥር ገጹ። ሁልጊዜ ኪሱ ነው የሚይዘው። ይዞት ሄዷል።»

ሌላ እንደሌላችሁ ነገረችኝ። እዚህ ማርቆስ ከተማ የሚሸጠው ለሉዶ የሚሆነው ባለ ስድስት ገጹ ብቻ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሊጫወቱ ሞክረው ቁጥር ጽፈው ከኮፍያ ውስጥ ወረቀት ያወጡ ነበር፤ ደመላሽ ወረቀት እያጠፈ አጭበረበረና ተጣልተው ተዉት። እንዲህ ሆኖ ስጦታህ ተመረጠ። ዳይስ እሠራልሃለሁ አልኩ።

ጨዋታውን መረመርኩ ያልኩበትን ቀን ታስታውሳለህ? ከመሄድህ በፊት በነበረ አንድ ክረምት ነው። አራት አምስት ሆናችሁ እኔ ለእንግዳ የሠራሁትን ጠረጴዛ ከባችሁ፣ አንተ የሌለ አገር ካርታ ዘርግተህ፣ አንዱ ነጋዴ ነኝ ይላል፣ አንዷ ወጌሻ ነኝ ትላለች። አንተ «ገደል አፋፍ ደርሳችኋል፤ ጉም ወርዷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለህ። ያሰቡትን ይናገራሉ፣ ዳይሱን ይጥላሉ፣ ቁጥሩን አይተህ የሆነውን ትተርካለህ። ደመላሽ መሪጌታ እያለ ይጠራህ ነበር። መሪጌታ መባል ስንት ዓመት ዜማ ቤት ቁራሽ ለምኖ እንደሚገኝ ነግሬው አስተውኩት። ከዚያ አለቃ አለህ። ያንንም አልወደድኩትም፤ ግን ሁሉንም ስም ልከለክል አልችልም።

አባ ገዳሙ ጥርጣሬያቸውን የነገሩኝ ጊዜ ከሩቅ አልፈርድም አልኩና መጥቼ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው መሆን አለብህ፣ ስም አውጣ አልከኝ። የሐሰት ስም አልይዝም፣ ታረቀኝ ነኝ፣ አናጺ ነኝ አልኩ። ሃኒ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። አንተ ግን አልሳቅህም። «እሺ፣ ታረቀኝ የሚባል አናጺ ነው። የሠራው ድልድይ ላይ ቆሟል» አልክ።

ከዚያ ሽፍቶች አመጣህብኝ። ብዙ ናቸው አልክ። ሌሎቹ ድልድዩን አልፈው ሸሽተዋል፤ አንተስ አልከኝ።

«አልለቅም» አልኩ።

«አባዬ፣ መሸሽ ይቻላል። ነውር አይደለም፤ ጨዋታ ነው።»

«ድልድዩን የሠራሁት እኔ ነኝ። አልለቅም።»

ዳይሱን ሰጠኸኝ፤ ጣልኩት። ዜሮ ወደቀ። ደመላሽ ፉጨቱን ለቀቀው። ያኔ ነው ሕጉን የነገርኸኝ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዳይሱ ይፈርዳል፤ ዜሮ ሲወድቅ ግን ዳይሱም ተጫዋቹም አይፈርዱም፣ መሪው ብቻውን አስቦ ይናገራል፤ እሱ እስኪናገርም የሆነ ነገር የለም። መነጽርህን አውልቀህ ብዙ አሰብክ። ከዚያ «ሰውዬው ድልድዩ ላይ እንደቆመ ነው» አልክ። «ያለፈም የለም፣ የተመለሰም የለም። በሚቀጥለው እናየዋለን።»

በሚቀጥለው እኔ ሥራ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አልተቀመጥኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በር ሳስተካክል እያገዝከኝ፣ «ያ ሰውዬ ምን ሆነ?» ብዬህ ነበር። «እኔ አልረሳሁትም፣ አባዬ» አልከኝና ሚስማሩን አቀበልኸኝ።

በጨዋታው ቀን ማታ እራት ላይ ስለ ዜሮ የተከራከርነውን ግን አልረሳሁትም። ቁጥራችን እያለ ለምን በፈረንጅ ቁጥር ትጫወታላችሁ አልኩህ። ግዕዙ ዜሮ የለውም አልከኝ። የሌለው ስለማያስፈልግ ነው፤ ለሌለ ነገር ቁጥር አይሰጠውም አልኩህ። የጂኦግራፊ መምህር ነህና ከዜሮ ወዲህና ወዲያ ስለሚቆጠር ነገር ብዙ አስረዳኸኝ። አልተቀበልኩህም፤ ዛሬም አልቀበልህም።

እንጨቱን ያገኘሁት ከይጁቤ ነው። የእናትህ እህት ቤት ለሁለት የተሰበረ የወይራ ዘነዘና ነበር፤ ከስንት ዘመን መቀጥቀጥ ብረት ሆኗል። ቅርጹን ከሃኒ ስልክ አየሁ። አሥር ገጽ ያለውና ሁለቱም ጫፉ የሾለ ነገር መቁረጥ በር ከመሥራት እንደሚከብድ አላወቅኩም ነበር። አንዱ ገጽ ትንሽ ከሰፋ ዳይሱ ሁልጊዜ በዚያው ይተኛል፤ እሱ ዳይስ አይደለም፣ አስመሳይ ነው። የመጀመሪያው ሦስት ላይ ብቻ ተኛ። ሁለተኛውን ሞረዱ በላው። ቀጥሎ ያለውን ደመላሽ ሲያየው ለሕዝብ መኪና ጎማ ታኮ ይሆናል አለ። ጣቴ እየደነዘዘ፣ መነጽሬ እየወረደ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳሽ ሳሽ ከርሜ፣ ገና ሲቃረብ አንድ ወጣልኝ። ደጋግሜ ጣልኩት። ለማንም አያዳላም።

ቁጥሩን በግዕዝ ቀረጽኩት። ከ፩ እስከ ፱ በመሮ ቆፍሬ ጥቀርሻ በዘይት አሸሁበት። አሥረኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ፲ ልጽፍ ነበር። ሃኒ እጄን ያዘችኝ፤ ደፋር ናት። «አባባ፣ አሥር ከጻፉበት ትልቅ ቁጥር ሆነ ማለት ነው፤ ዳይሱ ፈረደ ማለት ነው። እሱ ዜሮ ነው። ዓለምነው የሚናገርበት ነው» አለችኝ። የፈረንጁን ክብ ልቅረጽ? ለሌለ ነገር ቁጥር አይሰጠውም ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምንም አልጻፍኩበትም። አለስልሼ ተውኩት። ወይራው ብቻውን ይታያል፤ ከሁሉም ገጽ የሚያምረው እሱ ሆነ።

ለገና ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን፣ ጾሙ ተፈታ፣ ጎረቤቱም ገባ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሃኒና ደመላሽ መጡ። ሃኒ ዳይሱን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልላ በሪባን አስራው ነበር። ለአንዲት ፍሬ ያን ያህል ወረቀት ምን ያደርጋል አልኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም። ወንበርህ ፊት አስቀመጡት። አጠገቡ አምና የሰጡህን ፋኖስ አቆሙ። ደመላሽ አንዴ ብቻ እንሞክረው አለ። ባለቤቱ ያልፈታውን ስጦታ ማንም አይፈታም አልኩት። እጁን ሰበሰበ።

እናትህ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ወደ ጠረጴዛው መጣች። አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበርህን ስባ ተቀመጠች። ሁላችንም አየናት። በጨዋታችሁ ዘመን ሁሉ ምግብ ከማቅረብ በቀር ወደዚያ ጠረጴዛ ተጠግታ የማታውቅ ሴት ናት። ሪባኑን ፈታችው።

«ሥራነሽ» አልኳት።

«እናቱ ነኝ» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። ዳይሱን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው፤ አዲስ የተወለደ የወንድሟን ልጅ ማንን ይመስላል ብላ እንደምታይ ነው ያየችው። ከዚያ ወደ ሃኒ ዞራ «ይሄ ነገር ይመልሳል ወይ?» አለቻት።

«አይመልስም፣ እማማ። እኛ እንጠይቃለን፣ እሱ ቁጥር ይሰጣል፣ የሆነውን የሚናገረው ዓለምነው ነው።»

«እሺ» አለች።

ምን እንደጠየቀች አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም። ጣለችው። ወይራው የዋንዛው ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ድምፁ ደረቅ ነው። ከፋኖሱ ግርጌ ተጋጭቶ፣ ዞሮ፣ ቆመ። ከላይ የታየው ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ነበር።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች እናትህ። ደመላሽ መሬት መሬት አየ። ሃኒ በቀጭን ድምፅ «መሪው ይናገራል ማለት ነው፣ እማማ» አለች።

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ሁላችንም ጠበቅን። ደመላሽ ቁልፉን ማሽከርከሩን ተወ። ሃኒ እጆቿን ጭኗ መካከል አድርጋ ጠበቀች። እናትህ የምትሰማ ሰው እንደምታደርገው ራሷን ወደ በሩ ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። እኔም፣ የሌለ ነገር አልቆጥርም የምለው ሰውዬ፣ ጤነኛውን ጆሮዬን ወደ በሩ አዞርኩ። ውጭ ልጆች የገና ጨዋታቸውን እየተጯጯሁ ይጫወታሉ። ሌላ ድምፅ አልመጣም።

እናትህ ተነሣች። «አልተናገረም» አለች። «ታረቀኝ፣ አንተም ሰምተሃል። አልተናገረም።»

ገባች። የሳጥኗ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ስትወጣ ጥቁሩን ነጠላ ለብሳ ነበር። ፊቷ እንደታጠበ ሰው ፊት ነበር። አልጮኸችም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንተ የሄድክበት ሰሞን፣ ድንኳን እንደምታስተክል ነገረችኝ። አባ ገዳሙን ራሷ ልትነግራቸው ነው፤ እህቷም ትመጣለች። «ከአንተ ፈቃድ ስጠብቅ ከክረምት እስከ ገና ቆየሁ፤ ከእንግዲህ አልጠብቅም» አለች። «ብትቀመጥ ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ። ባትቀመጥ ብቻዬን እቀመጣለሁ።»

አልከለከልኳትም። እሺም አላልኳት።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሚሆነው። ድንኳኑ ደጃችን ላይ ይተከላል። ኮትህ ይወጣል። ሰዉ እየመጣ ያለቅሳል፤ አባትየው የታል ሲል፣ ውስጥ ነው ይባላል። እኔ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ። ልበ ደንዳና ነው ይሉኛል፤ ይበሉኝ፤ ከዚህ በፊትም ብለውኛል። ዳይሱን ማንም እንዳያነሣው አዝዣለሁ። እናትህ እንደጣለችው፣ ያው ባዶ ገጹ ወደ ላይ እንደሆነ አለ። ጠረጴዛውን ስትወለውል እንኳ ዙሪያውን ነው የምትወለውለው፤ አላነሣችውም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከግድግዳው ወዲያ ሞተሃል፤ ከግድግዳው ወዲህ ተራህ ነው።

ሃኒ፣ ይህንን ቀጥሎ ያለውን ለእማማ ሥራነሽ እንዳታነቢላት፤ ዝለይው።

ዓለምነው፣ ትመጣለህ ብዬ አይደለም። የአማኑኤሏን ሴት አይን አይቻለሁ። ወንዶቹን ለብቻ አቆሟቸው ስትለኝ ድምፅዋ የት ላይ እንደተሰበረ ሰምቻለሁ። እናትህ ያወቀችውን እኔም አውቃለሁ፤ ምናልባት ከእሷ ቀድሜ አውቄዋለሁ። አልለቅም ያልኩት ተስፋ ስላለኝ አይደለም። ያኔም ድልድዩን አልለቅም ያልኩት ሽፍቶቹን እመልሳለሁ ብዬ አልነበረም። ብዙ እንደሆኑ ነግረኸኝ ነበር። ድልድዩን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። እናትህ ትቅበርህ፤ መብቷ ነው፤ ደግሞም ያሳርፋት ይሆናል። እኔ ግን አልቀብርህም። አንድ ሰው ድልድዩ ላይ ይቅር።

ስጦታህ ይኸው ነው። ወረቀቱን ሃኒ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ሰውዬው ቆሟል፣ ሌሎቹ ሁሉ ተሻግረዋል፣ ዜሮ ወድቋል። ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ አላፈርሰውም።

ተናገር።

አባትህ ታረቀኝ